ያልተወለደው ሹም

ሹም ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ተወልዶ አድጎ የተሾመውን፣ በመጨረሻም ወይ ተሽሮ ወይ ሞቶ የሚያልፈውን ሰው ነው። ነገር ግን ሳይወለድ የሚሾም፣ ሳይሞትም የሚሻር፣ ሆኖም ሕዝብ በስሙ የሚያውቀው፣ የሚጠላው ወይም የሚወደው ሌላ ዓይነት ሹም አለ፤ እርሱም በመጽሐፍ፣ በመድረክና በቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ የሚኖረው ሹም ነው። ስለዚህ ስላልተወለደ ሹም ጥቂት እንድጽፍ ያነሣሣኝ በዋሂል የሰማሁት አንድ ጥያቄ ነው።

ዋሂል፣ ከብዮ አዋሌ፣ ከጀልዴሳና ከአስሊሶ ጋራ፣ በድሬዳዋ ከተማ ዙሪያ ባለው ገጠር ትገኛለች። ሕዝቡ ማሽላ የሚዘራ፣ ፍየልና ከብት የሚያረባ፣ ዝናብ በዘገየ ጊዜ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ታታሪ ሕዝብ ነው። በዚያ በመምህርነት በነበርሁበት ጊዜ፣ ማታ ማታ ጎረቤቶች ተሰብስበው ቴሌቪዥን ወደሚያዩበት ሻይ ቤት መሄድ ልማዴ ሆኖ ነበር። አንድ ማታ እንደ ልማዴ ብገባ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተከታታይ ድራማ ተዘጋጅቶ ሲታይ አገኘሁ። የድራማው ቋንቋ አማርኛ ስለ ሆነ፣ አንድ ተማሪ ልጅ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀምጦ ነገሩን ወደ ኦሮምኛ ይመልስላቸው ነበር። ስለዚህ ወጣቶቹ ስቀው ሲጨርሱ ሽማግሌዎቹ ገና መሳቅ ይጀምሩ ነበር።

ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ፣ አሽከሮቻቸውም ሲንቀጠቀጡ፣ ቤቱ በሳቅና በስድብ ተሞላ። አንዱ «ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሰው ላብ ሲበላ የሚኖር ነው» አለ፤ ሌላው «ቆይ፣ የእጁን ያገኛል» ብሎ ዛተ። እኔም ከሁሉ ይልቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳቅሁ። በዚህ ጊዜ ከማዕዘኑ የተቀመጡ፣ መንደሩ ሁሉ ሼህ እያለ የሚያከብራቸው አንድ ሽማግሌ ወደኔ ዞር ብለው፦

«መምህር፣ ይህ ሹም በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሼህ፣ ጨርሶ አልተወለዱም፤ ደራሲ የፈጠራቸው ናቸው» አልኋቸው።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፦ «እንግዲያው የናንተ ነገር ይገርማል። የተወለደው ሹም በደጃችሁ ሲያልፍ ትነሡለታላችሁ፤ ያልተወለደውን ግን እስከ እኩለ ሌሊት ትሰድባላችሁ» አሉ።

ቤቱ እንደ ገና ሳቀ። እኔ ግን ያን ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ጥያቄው ከኔ ጋራ አብሮ ገባ። በእርግጥ፣ ባልተወለደ ሰው ላይ መፍረድ ምን ይረባል? የማይሰማን ሹም መውቀስ ምግባር ነውን፣ ወይስ ከምግባር መሸሺያ?

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለዋል። ይህ ተረት የፍርሃት ተረት ብቻ ሆኖ አይታየኝም፤ የብዙ ዘመን ኑሮ ያስተማረው ጥንቃቄ ነው። ሰው ግን የማይከሰሰውን በልቡ ሳይከስ አይኖርም። ክሱ መውጫ ሲያጣ ወይ በቅኔ ሰምና ወርቅ ውስጥ ይደበቃል፣ ወይ በአዝማሪ አፍ ይነገራል፣ ወይ ደግሞ ስሙና ዘመኑ ተለውጦ በመድረክ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ያልተወለደው ሹም የመጀመሪያው ጥቅሙ ያለ አደጋ የሚከሰስ ሹም መሆኑ ነው።

ይህን በአገራችን አስቀድመው ካወቁት ሰዎች አንዱ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በሩስያ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቴያትር እየተባለ የሚታወቀውን «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የጻፉት እርሳቸው ናቸው። በዚህ ቴያትር ሹማምንቱን በስማቸው አልጠሩም፤ አውሬዎችን አናገሩ እንጂ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴያትሩ ታገደ። ይህ መታገድ ራሱ ትልቅ ምስክርነት ነው፤ ማንም ሰው በስሙ ሳይጠራ ራሳቸውን በአውሬው ቆዳ ውስጥ ያወቁ ነበሩ ማለት ነውና። መስታወት የሚሰበረው መልክ ስለሚያበላሽ አይደለም፣ መልክ ስለሚያሳይ ነው።

ተክለ ሐዋርያት ግን ሹምን ከሩቅ ሆነው የሚተቹ ሰው አልነበሩም። ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ በሚገኘው በጨርጨር አገረ ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን አቅንተዋል፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ ኢትዮጵያ በኢጣልያ በተደፈረችበት ዘመንም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተከራክረዋል። ሐዲስ ዓለማየሁም እንደዚሁ በአርበኝነት ተዋግተው፣ በኢጣልያ አገር ታስረው፣ በኋላም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገልግለው ነው በ1958 ዓ.ም. ፊታውራሪ መሸሻን ለአንባቢ ያቀረቡት። በውጭ አገርም ቢሆን፣ በእንግሊዝ «የካርታ ቤት» የሚል ስም ያለውን የፖለቲካ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1989 የጻፈው ማይክል ዶብስ በወግ አጥባቂው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ከፍ ባለ ሥልጣን የሠራ ሰው ነው። እንግዲህ ያልተወለዱትን ሹማምንት የሚፈጥሩልን ብዙ ጊዜ የተወለዱ ሹማምንት ናቸው። ወንበሩ የሚሰጠውን ሙቀት ያውቁታል፤ ስለዚህም ሲጽፉ ከሳሽም ምስክርም ሆነው ነው።

ይህ ሁሉ ያልተወለደውን ሹም ጥቅም ያሳያል። አደጋ ግን የለውም አይባልም፤ እንዲያውም ሁለት አደጋዎች አሉት። አንደኛው ክፉውን ሹም እንድንወደው ማድረጉ ነው፤ ሁለተኛው ደጉን ሹም እንድንጠብቀው ማድረጉ ነው።

ስለ አንደኛው ለመናገር ያህል፣ ከላይ ያነሣሁት የዶብስ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1990 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ቀረበ። ዋናው ሰው ፍራንሲስ ኧርካርት ይባላል፤ በፓርላማ የፓርቲውን አባላት በአንድ መስመር የሚያሰልፍ ሹም ነው። የተመኘውን የሚኒስትርነት ወንበር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ነፈገው፣ አንዱን በሐሜት፣ ሌላውን በምሥጢር፣ ሌላውንም በግድያ እያስወገደ ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል። አሜሪካኖችም ይህንኑ ታሪክ ወደ ዋሽንግተን ወስደው ፍራንክ አንደርውድ የሚባል ሰው ፈጠሩ፤ ከ2013 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ በተከታታይ አሳዩት። እርሱም ከምክር ቤት ተነሥቶ እስከ ፕሬዚዳንትነት ወጣ።

የነዚህ ሁለት ሹማምንት ብልኃት ግን በሤራቸው ብቻ አይደለም። ሤራውን ከመፈጸማቸው በፊት ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው ምሥጢራቸውን ያጫውቱታል። ሚኒስትሮቹ ሳያውቁ፣ ሚስቱ ሳትሰማ፣ እኛ እናውቃለን። ሰው ምሥጢር ከነገረው ሰው ጋራ ወዲያው ይወዳጃል፤ ሐሳቡ እንዲሳካለትም ሳያውቀው ይመኛል። ስለዚህ ክፉው ሹም ሊያዝ ሲል ልባችን ይደነግጣል፤ ሲያመልጥም እፎይ እንላለን። ከድራማው በኋላ ግን ይህን ጉዳችንን ረስተን «እንዴት ያለ ክፉ ሰው ነው!» እንላለን።

ይህን የምናደርገው ክፋትን ስለምንወድ አይመስለኝም፤ ብልጠትን ስለምናደንቅ ነው እንጂ። በዚህም ረገድ የኛ አገር ሰው ከለንደንና ከዋሽንግተን ሰው አይለይም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የማያውቅ ማን አለ? አስተውለን ብናየው ይህን ተረት የሚተርቱት ሹማምንቱ ብቻ አይደሉም። እናት ለልጇ፣ ጓደኛ ለጓደኛው፣ ገና ለሹመት ሲታጭ የሚመርቁበት ምርቃት ይመስላል። እንግዲህ ሹሙ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ እኛ ቀድመን አስተምረነዋል። በሥልጣኑ ያልበላውን «የዋህ» ብለን እንስቅበታለን፤ የበላውን «ጮሌ» ብለን እናደንቀዋለን፤ ከተሻረ በኋላ ደግሞ «ሌባ» ብለን እንከሰዋለን። ሦስቱንም ስም የሰጠነው አንድ እኛ ነን።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህ ይለያል። በዩክሬን አገር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ «የሕዝብ አገልጋይ» የሚባል ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ዋናው ሰው ቫሲል ሆሎቦሮድኮ የሚባል የታሪክ መምህር ነው። ስለ ሹማምንት ሌብነት በክፍሉ ውስጥ በንዴት የተናገረውን አንድ ተማሪ በሥውር ቀርጾ ያሰራጭበታል፤ ሕዝቡም ንግግሩን ወድዶ ፕሬዚዳንት አድርጎ ይመርጠዋል። ይህን መምህር ሆኖ የተጫወተው ተዋናይ ቮሎዲሚር ዜለንስኪ ነበረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ በድራማው ስም የተሰየመ ፓርቲ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በተደረገው ሁለተኛ ዙር ምርጫም ተዋናዩ ከመቶ ሰባ ሦስት በሚሆን ድምፅ የእውነተኛው አገር ፕሬዚዳንት ሆነ። ያልተወለደው ሹም ተወለደ ማለት ነው።

ይህን የማነሣው ምርጫውን ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ አይደለም። ነገር ግን በመምህሩና በፕሬዚዳንቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ይገባል። መምህሩ ሆሎቦሮድኮ የሚደፍረው መጨረሻውን የጻፈለት ሰው ስላለ ነው፤ ሚኒስትሩን ቢያባርር፣ ባለጠጋውን ቢያስቀይም፣ ደራሲው ያወጣዋል። ፕሬዚዳንቱ ግን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የሩስያ ጦር ድንበሩን ጥሶ በገባ ጊዜ የመጨረሻውን ገጽ አላየውም ነበር። በድራማ አንድ ክፉ ሥርዓት በአንድ ሰዓት ይፈርሳል፤ በእውነተኛው አገር አንድ የውሃ ጉድጓድ ለማስቆፈር እንኳ ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዘዋወር ዓመት ያልፋል። ስለዚህ በልብ ወለድ ሹም ደግነት ልቡ የተሞላ ሕዝብ፣ የሥጋ ለባሹን ሹም ዘገምተኛ ትክክለኛነት ሊንቅ ይችላል፤ ፈጣኑን ዐመፀኛም ደፋር ነው ብሎ ሊከተል ይችላል።

እንግዲህ ክፉውም ደጉም ያልተወለደ ሹም የሚያስት ከሆነ፣ ጨርሶ ቢቀርስ ምን ይጎዳል የሚሉ ሰዎች ይኖራሉ። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን ስለ መልካም መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ፣ ባለቅኔዎች የሰውን ስሜት እያነሣሡ አእምሮን ያደክማሉ በማለት ከከተማው እንዲወጡ ፈርዶባቸዋል። ደቀ መዝሙሩ አርስጣጣሊስ ግን ይህን አልተቀበለም፤ ሰው በመድረክ ላይ የሌላውን ውድቀት አይቶ ሲያዝንና ሲፈራ ነፍሱ ትጠራለች ብሏል። በኔ አስተያየት አርስጣጣሊስ ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ነገር ግን ሁለት ቃላት ተናግሮአልና ሁለቱንም መያዝ አለብን። እኛ በሻይ ቤቱ ያን ማታ የሌለን ነገር ሁለተኛው ነበር። ጥቂት አዝነን ይሆናል፤ የፈራ ግን አልነበረም። ፊታውራሪ መሸሻን ሲያይ «እኔስ?» ብሎ የደነገጠ አንድም ሰው አላየሁም።

ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ጥቂት እንመልከት። እርሳቸው እንደ ኧርካርት ጮሌ፣ እንደ ሆሎቦሮድኮም ጻድቅ አይደሉም። በዲማ አገር የሚኖሩ፣ በዘራቸው የሚመኩ፣ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል አጣሁ እያሉ ዕድሜዋን የሚያሳልፉ፣ ገባሩ የሚሰጠውን ሁሉ ተገቢ ነው ብለው የሚቀበሉ ባላባት ናቸው። ወደኛም ፊታቸውን መልሰው ምሥጢር አይነግሩንም፤ ምሥጢር የላቸውምና። የሚያደርጉትን ሁሉ በቀን፣ በሕዝብ ፊት፣ ትክክል ነው ብለው ነው የሚያደርጉት። የሚያስፈራውም ይህ ነው። ክፉ መሆኑን የሚያውቅ ሹም አንድ ቀን ሊጸጸት ይችላል፤ ክፋቱን ሥርዓት ነው ብለው ያስተማሩት ሹም ግን በምን ይጸጸታል?

ያስተማሩትስ እነማን ናቸው? መጽሐፉን ያነበበ፣ ወይም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ የሰማ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ በፊታውራሪ ዙሪያ የሚያጎበድድ፣ ቃላቸውን የሚያጸና፣ ቁጣቸውን የሚያሞቅ ሰው ሞልቶአል። እውነቱን ፊት ለፊት የሚናገረው ዘመዳቸው ካሳ ነው፤ እርሱንም «ጉዱ» ብለው ስም አወጡለት። ልብ በሉ፤ ጉዱ ካሳን ለማጥፋት ሰይፍ አላስፈለገም፤ ስም ማውጣት በቃ። አንድ ሕዝብ እውነት ተናጋሪውን እብድ ብሎ ከጠራ በኋላ ሹሙን ማን ይመክረዋል? ፊታውራሪም ከልማዱ አልፈው ተጨማሪ ግብር በጠየቁ ጊዜ፣ ገባሮቹ በአበጀ በለው መሪነት አምጸው እስኪማርኳቸው ድረስ፣ የሚያግዳቸው ነገር ይኖራል ብለው አላሰቡም። ከምክር ወደ ጦርነት የደረሱት በመካከሉ ሊነገር የሚገባው ቃል ሁሉ ስላልተነገረ ነው።

ከዚህ የምረዳው፣ የሹም የሥልጣን ዘመን ታሪክ በሹሙ ብቻ የሚጻፍ አለመሆኑን ነው። ገጽ በገጽ የሚጽፉት በዙሪያው ያሉት ናቸው፤ አንዱ በማጨብጨብ፣ አንዱ በመሳቅ፣ አብዛኛውም በዝምታ። ያልተወለደው ሹም ትልቁ ጥቅሙም ይህን ማሳየቱ ነው። እውነተኛውን ሹም ስናይ የምናየው ሹሙን ብቻ ነው፤ በድራማ ግን ከሹሙ ጋራ የሚያጎበድደውን ጉልበት አብረን እናያለን። ዓይናችን በሹሙ ላይ ብቻ ከቀረ ግን ድራማውን ግማሹን አላየነውም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሌላውን ለመምከር ብቻ እንዳይመስል፣ የራሴንም ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ከተማ ስኖር፣ አባል የነበርሁበት ማኅበር ለችግረኞች የሚታደል እህል አግኝቶ ነበር። እህሉ ለሁሉ ስለማይበቃ በተራ እንዲታደል ተወሰነና፣ ፊደል የቆጠረ ነው ተብሎ የስም ዝርዝሩን የመያዙ ኀላፊነት ለኔ ተሰጠኝ። ከዘመዶቼ አንዱ ዘግይቶ መጥቶ ስሙን እንዳስገባለት ለመነኝ። እኔም ከመጨረሻ ማስፈር ሲገባኝ ከመካከል አስገባሁት። ሤራ አልነበረም፤ ጉቦም አልነበረም፤ ብዕሬ ጥቂት ወደ ላይ ከፍ አለች፣ ያ ብቻ ነው። የማኅበሩ ሁለት ሰዎች አይተውኛል። አንዱ ፈገግ አለ፤ ሌላው «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ብሎ ቀለደ፤ ነገሩ በዚሁ አለፈ። እህሉ ለሠላሳ ሰዎች በቃ። ባልዋ የሞተባት አንዲት የልጆች እናት ሠላሳኛ ነበረች፤ በኔ ብዕር ሠላሳ አንደኛ ሆነች። ባዶ ስልቻዋን አጥፋ በብብትዋ ይዛ ስትመለስ በዓይኔ አይቻታለሁ።

ያን ጊዜ ራሴን እንደ ሹም አልቆጠርሁም ነበር። ሹም ማለት ካባ የለበሰ፣ በበቅሎ ወይም በመኪና የሚሄድ፣ ብዙ አሽከር ያለው መስሎኝ ነበር። የሽማግሌው ጥያቄ ግን አላስተኛኝም። በማግሥቱ ሄጄ ታሪኩን ሁሉ ነገርኋቸው። ሼህ አልተቆጡኝም፤ አላጽናኑኝምም። አዳምጠው ሲጨርሱ፦

«ሴትዮዋ ይህን ታውቃለች?» አሉኝ።

«አታውቅም» አልሁ።

«እንግዲያው ለኔ ለምን ትነግረኛለህ?»

መልስ አልነበረኝም። እኔ እኮ ባልተወለደው ሹም ላይ ጮክ ብዬ እንደ ሳቅሁ ሁሉ፣ ያልበደልሁትን ሰው ይቅርታ ልጠይቅ መሄዴ ነበር። ሁለቱም ቀላሎች ናቸው፤ ሁለቱም ምንም አያስከፍሉም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደዚያ ከተማ ሄድሁ። ሴትዮዋ ከቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ማሽላ ስትለቅም አገኘኋት። የሠራሁትን አንድም ሳላስቀር ነገርኋት። ቀና ብላ አላየችኝም፤ እጇም መልቀሙን አልተወም።

«መምህር፣ ያን ጊዜውኑ አውቄአለሁ» አለችኝ። «ለሚመጣውም ጊዜ መዝጋቢው እርስዎ ይሆናሉ ብዬ ነው ዝም ያልሁት።»

«እርስዎ» የሚለው ቃል እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። ፊታውራሪ መሸሻንም አሽከሮቻቸው እንዲህ ነበር የሚጠሯቸው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዝምታ ያለኝ አስተያየት ተለውጦአል። ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም። የዚያች ሴት ዝምታ የችግር ዝምታ ነው፤ ብትናገር የምታጣው የልጆቿን እንጀራ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሊፈርድባት አይችልም። የነዚያ የሁለቱ የማኅበር ሰዎች ዝምታ ግን ሌላ ነው። ቢናገሩ የሚያጡት ነገር አልነበረም፤ ምናልባት ነገ የነርሱ ዘመድ ዘግይቶ ሲመጣ የኔ ብዕር ደግሞ ከፍ እንድትል አስበው ይሆናል። ሹምን የሚያበላሸው ይህ ሁለተኛው ዝምታ ነው። አንድ ሕዝብ ድፍረትን ከችግረኛው እየጠበቀ ችግር የሌለበት ዝም ካለ፣ ጉዱ ካሳ ብቻውን ይቀራል፤ ነገሩም ለአበጀ በለው ይተዋል።

እንግዲህ ወደ ሽማግሌው ጥያቄ ልመለስ። ባልተወለደው ሹም ላይ መፍረድ ይጠቅማልን? ፍርዱ በዚያው በሻይ ቤቱ የሚቀር ከሆነ አይጠቅምም፤ እንዲያውም ይጎዳል፤ ሰው በሐሰተኛው ሹም ላይ ቁጣውን ጨርሶ ለእውነተኛው የሚተርፍ ቃል አጥቶ ይተኛልና። ነገር ግን ተመልካቹ ከፊታውራሪ ወንበር አጠገብ የራሱን ወንበር ካየ፣ መምህሩ የፈተና ነጥቡን፣ ባለሚዛኑ ሚዛኑን፣ ጸሐፊው ዝርዝሩን፣ የበር ጠባቂውም ቁልፉን ካስታወሰ፣ ያልተወለደው ሹም ከብዙ ከተወለዱት ይልቅ አገር ያገለግላል። በየቤታችን ጥቂት ጥቂት ሥልጣን አለን፤ ትልቁም ሥልጣን ከዚሁ ከትንሹ የተለየ ጠባይ የለውም።

ወደ ዋሂል ስመለስ ድራማው ገና አላለቀም ነበር። ማታ ወደ ሻይ ቤቱ ሄድሁ፤ ተማሪው ልጅ እንደ ልማዱ ይተረጉም ነበር፤ ወጣቶቹ ቀድመው፣ ሽማግሌዎቹ ተከትለው ሳቁ። ሼህ ከማዕዘኑ ሆነው ወደኔ አዩ። እኔም እንደ ሌላው ሳቅሁ፤ ፊታውራሪ ያስቃሉና። ዓይኔ ግን ከእርሳቸው ይልቅ ከኋላቸው በቆሙት ሰዎች ላይ ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱ አፉን ይከፍት እንደ ሆነ እጠባበቅ ነበር።